አብረው ይቀመጡ ወይስ ተለያይተው?



ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው እንበል። አንደኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። ከአንድ ግቢ አብረው ይወጣሉ፤ በአንድ ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ሂሳቡንም አንዱ ለሌላው ይከፍላል። ከስታዲየሙ ደጃፍ ሲደርሱ ግን አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይባላሉ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንዱ የሌላውን ወገን ሲሰድብ ይቆያል። ማታ ተመልሰው በአንድ ታክሲ ይገባሉ፤ ወይም አይገቡም። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚያች «ወይም አይገቡም» ስለምትለው ነገር ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የተቀናቃኝ ቡድኖች ደጋፊዎች በእግር ኳስ ሜዳ አብረው ይቀመጡ ወይስ ተለይተው? ብዙ ሰው «ይህ የፖሊስና የክለብ ሥራ ነው፤ የግብረ ገብ ጥያቄነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ሁሉ፣ በሽቦም ይሠራ በገመድ፣ ስለ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ «እናንተ ብትቀራረቡ ትባላላችሁ» ይላል። ይህ ቃል እውነት ከሆነ እውነትነቱን ማወቅ አለብን። ሐሰት ከሆነ ደግሞ በተነገረ ቁጥር እውነት ወደ መሆን እንዳይሄድ ልንፈራ ይገባናል።

አስቀድመን ከቤታችን እንጀምር። በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ውድድር ከመነሻው በወገን የተከፈለ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በከተማይቱ በተደረገው ውድድር የተሰለፉት የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበሩ። እንግዲህ «ዱሮ ኳስ ንጹሕ መዝናኛ ነበር፤ ወገንተኝነት የመጣው በኛ ዘመን ነው» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። ኳስ ተመልካች የሚኖረው ሰው ወገን ሲይዝ ነው። ያለ ወገን ጨዋታ የሚያይ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን እያየ ነው።

ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ተመሠረተ። ቡና በ1968 ዓ.ም. የቡና ሠራተኞች ቡድን ሆኖ ተነሥቶ «ቡና ገበያ» ተባለ፤ በኋላም የዛሬ ስሙን ያዘ። ሁለቱ ሲገናኙ ከተማው ለሁለት ይከፈላል። የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ባወጣላቸው ስሞች ሲጠሩ ኖረዋል፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። (ከማን አንሼን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ ብናውቅ ደስ ይለን ነበር፤ የከተማችንን ሰው ጠባይ በሁለት ቃል ጨርሶታል።) ደጋፊው በእነዚህ ቦታዎች የሚሰለፈው ፖሊስ ስለ ነዳው ብቻ አይደለም። አብሮ መዘመር ይፈልጋል። አንድ ከበሮ፣ አንድ አዝማች፣ አንድ ቀለም ይፈልጋል። ብቻውን በባዕድ መካከል ተቀምጦ የቡድኑን መዝሙር የሚዘምር ሰው የለም። ስለዚህ ተለይቶ የመቀመጥ ሥሩ ጥላቻ ነው ብለን ብንነሣ እንሳሳታለን። ሥሩ የወገን ፍቅር ነው። ጥያቄው ያ ፍቅር አጥር ከተሠራለት በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ይለዩ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ አቅልለን አንለፈው። ሺህ ሰው በሰከረ ስሜት ውስጥ ባለበት ቦታ የሌላው ቡድን ማሊያ የለበሱ አሥር ልጆች ቢቀመጡና ጎል ቢገባ፣ እነዚያ አሥር ልጆች በማን ምሕረት ሥር ናቸው? «ተዋደዱ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ድንጋዩ የሚያርፈው ግን በሰባኪው ራስ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2012 በግብፅ ፖርት ሰኢድ አል መስሪ አል አህሊን 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ የባለሜዳው ቡድን ደጋፊዎች ሜዳውን አቋርጠው በእንግዶቹ ላይ ወረዱ። 74 ሰው ሞተ። ይህን ያየ ፖሊስ «ነገ አጥሩን ከፍ አድርጉልኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ይህንኑ የፖርት ሰኢድን ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው። እንግዶቹ ተለይተው ነበር የተቀመጡት። የራሳቸው ቦታ፣ የራሳቸው መውጫ ነበራቸው። ሞት በመጣ ጊዜ ያ የራሳቸው መውጫ ተዘግቶ ተገኘ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የሞቱት በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ተጨፍልቀው ነው። ልዩነቱ ከጠላት አልጠበቃቸውም፤ የት እንዳሉ ግን ለጠላት አመልክቷል።

ነገሩ በአንድ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1985 በብራሰልስ ሄይሰል ስታዲየም ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለአውሮፓ ዋንጫ ተገናኙ። አዘጋጆቹ ከሊቨርፑል ደጋፊዎች አጠገብ «ዜድ» የሚባለውን ክፍል ገለልተኛ ለሆኑ ቤልጂጎች ብለው መደቡት። ትኬቱ ግን እጅ በእጅ ዞሮ አብዛኛው በጣሊያናውያን እጅ ገባ። በመካከል የነበረው ቀጭን የሽቦ አጥርና ጥቂት ፖሊስ ነበር። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሽቦውን ጥሰው ሲወርሩ ሕዝቡ ወደ አንድ ጥግ ሸሸ፤ ግንቡ ተደረመሰ፤ 39 ሰው ሞተ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ መካሄዱንና ጁቬንቱስ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ መውሰዱን ስንሰማ ዛሬም ይከብደናል። የእንግሊዝ ክለቦች ለአምስት ዓመት ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ፤ ሊቨርፑል ለስድስት።

ከአራት ዓመት በኋላ በሸፊልድ ሂልስቦሮ የሆነው ደግሞ ለኛ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ፖሊስ ሁለቱ ወገኖች በመንገድ ላይ እንኳ እንዳይገናኙ ብሎ፣ ብዙ ደጋፊ ላለው ሊቨርፑል አነስተኛውን የሌፒንግስ ሌን ወገን ሰጠው። በዚያ ወገን ለቆሞ ተመልካቾች 10,100 ትኬት ተሸጦ ነበር፤ ለእነርሱ የተመደቡት የመግቢያ መሽከርከሪያዎች ሰባት ብቻ ነበሩ። ውጭ ያለው ግፊት ሲበረታ አንድ ትልቅ የመውጫ በር ተከፈተ። ሰዉ በፊት ለፊቱ ባየው መሿለኪያ እየተንዶለዶለ ወደ መካከለኛዎቹ ሁለት ጋጣዎች ገባ። ጋጣ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደጋፊ ከደጋፊ እንዳይቀላቀል፣ ወደ ሜዳም እንዳይገባ በግራ በቀኝና በፊት በብረት የታጠረ ቦታ ነበር። በጎን ያሉት ጋጣዎች ገና ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ጨዋታው በስድስተኛው ደቂቃ ቆመ። በጊዜው ከሞቱትና በኋላ በዚያው ጉዳት ከሞቱት ጋር 97 ሰዎች አለቁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያን ቀን አንድም የፎረስት ደጋፊ በአንድም የሊቨርፑል ደጋፊ ላይ እጁን አላነሣም። ወገንን ከባላጋራ ለመጠበቅ የተሠራው ብረት ወገንን ገደለ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ለብዙ ዓመታት የሟቾቹ ጓደኞች «ሰካራሞች ስለ ነበሩ ነው» ተብለው ተወነጀሉ። ፍርዱ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የምርመራው ሸንጎ ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው ወሰነ። 27 ዓመት! ሰው በአጥር ውስጥ ከገባ በኋላ ስለ እርሱ የሚወራው ሁሉ በቀላሉ ይታመናል፤ «ባይሆን ኖሮ ለምን ይታጠርበታል?» ይባላልና።

አንድ ሌላ እንጨምር፤ ይህ ደግሞ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2022 በኢንዶኔዥያ ማላንግ በካንጁሩሃን ስታዲየም አሬማ በፐርሰባያ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ጸብ ይነሣል ተብሎ ስለ ተፈራ የፐርሰባያ ደጋፊዎች ጭራሹን እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ልዩነት ከዚህ በላይ የለም፤ ሌላው ወገን በስታዲየሙ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። ከጨዋታው በኋላ የተናደዱ የአሬማ ደጋፊዎች ወደ ሜዳ ሲገቡ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ወደ መቀመጫዎቹም ጭምር። ሕዝቡ ወደ ጠባቦቹ በሮች ሮጠ። 135 ሰው ሞተ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ደጋፊን መለየት ባለሥልጣኑን ከሌላው ሥራው የሚያሳርፍ ይመስላል። «ለያይተናቸዋል» ከተባለ በኋላ በሩ ይከፈታል ወይ፣ ግንቡ ይሸከማል ወይ፣ ትኬቱ ከቦታው ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ክፉው ደጋፊ ነው ተብሎ ተወስኗል፤ ሌላ ጥፋተኛ አይፈለግም።

አርጀንቲና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንግዳ ደጋፊ ወደ ሜዳ እንዳይገባ ከለከለች። ብጥብጡ ግን አልቆመም፤ የአንዱ ክለብ ደጋፊዎች እርስ በርሳቸው ለሥልጣንና ለገንዘብ ይጋደሉ ነበር። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ሪቨር ፕሌትና ቦካ ጁኒየርስ ለደቡብ አሜሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ መልስ ሊገናኙ ሲሉ በስታዲየሙ አንድም የቦካ ደጋፊ አልነበረም። ድንጋዩ የወረደው በመንገድ ላይ፣ ተጫዋቾቹን በያዘው አውቶቡስ ላይ ነበር። ጨዋታው በመጨረሻ ውቅያኖስ ተሻግሮ በማድሪድ ተደረገ። በዚያም የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች ተገኙ፤ ተጫውተውም ተመለሱ።

«እንግዲያስ አጥር ይፍረስ፤ ሁሉም ይቀላቀል» የምንል ይመስላችሁ ይሆናል። ቆዩ።

የሊቨርፑል ከተማ ሁለት ክለቦች አሏት፤ ሊቨርፑልና ኤቨርተን። እ.ኤ.አ. በ1984 ለሊግ ዋንጫ፣ በ1986 ደግሞ ለኤፍ ኤ ዋንጫ በዌምብሌይ ሲገናኙ ቀዩና ሰማያዊው በመቀመጫው ላይ ተደባልቀው ታዩ፤ የሁለቱም የሆነችውን ምድራቸውን የመርሲሳይድን ስም አብረው ጮኹ። ይህ የሆነው ያ ከተማ መላእክት ስለሚኖሩበት አይደለም። በአንድ ቤት አባት ቀይ፣ ልጅ ሰማያዊ፣ አጎት ቀይ ስለ ሆኑ ነው። አጥር ቢሠሩ አጥሩ የሚያልፈው በምግብ ጠረጴዛቸው መካከል ነበር። እነርሱን ያስታረቀ ደንብ የለም፤ ከስታዲየሙ አስቀድሞ ዝምድና ነበረ። (በኋለኞቹ ዓመታት ያ ፍቅር መቀዝቀዙንም መናገር ተገቢ ነው፤ ዝምድናም ካልተንከባከቡት ያረጃል።)

አባቶቻችንም ይህን ነገር አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። በገና ጨዋታ ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፍሎ ሩሯን እያሳደደ ይወራረፋል፤ ዘለፋው በግጥም ነው፤ በዚያን ቀን ጌታው እንኳ ተሰድቦ አይቆጣም። ይሁን እንጂ ተሳዳቢው የሚሰድበው የሚያውቀውን ሰው ነው። ንፉግነቱን፣ ሰነፍነቱን፣ ሲሮጥ የሚደናቀፍበትን እግሩን ያነሣል። በማግስቱ ከተሰዳቢው በሬ ሊዋስ ይሄዳል። ያ ስድብ ልጓም ነበረው፤ ልጓሙም ነገ እንገናኛለን የሚለው ነበር። ከስታዲየም ማዶ ሆኖ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ለሺህ ሰው የሚወረውረው ስድብ ግን የሚያውቀው ሰው የለውም። ስለማያውቀው ወደሚያውቀው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ዘሩ፣ ወደ እናቱ፣ ወደ ቋንቋው።

ዛሬም ቢሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ቅዳሜና እሑድ ማታ ወደ ማንኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ታገኛላችሁ። በሩ ላይ በጠመኔ በተጻፈው ሰሌዳ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን አለ፤ የመግቢያው ዋጋም አንድ ነው። አንዱ ጎል ሲገባለት በሌላው ራስ ላይ ይዘላል። ተረቡ እስከ ሳምንት ይዘልቃል። አንዳንድ ጊዜ ጸብም ይነሣል፤ አይነሣም አንልም። ግን በአመዛኙ ሰዉ አብሮ አይቶ አብሮ ይወጣል። ይኸው ልጅ ነው እኮ በሳምንቱ ስታዲየም ሲገባ አጥር የሚያስፈልገው አውሬ ነው የሚባለው። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቀማመጡ ነው። በርግጥ ለንደን ሩቅ ነው፤ በለንደን ቡድን መሸነፍ የሰፈርን ክብር አይነካም። ይህን ልዩነት እንቀበላለን። ቢሆንም ፊቱን የምታየውን ሰው መጥላት ከባድ መሆኑን ያ አግዳሚ ወንበር በየሳምንቱ ያስረዳል።

በክፍላችን ይህን ጉዳይ ስንወያይ አንድ ወንድም ጥሩ መቃወሚያ አነሣ። «በቤተ ክርስቲያንስ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ተለይቶ ይቆም የለምን? ይህ መለየት ጠላትነትን ወልዷልን?» አለ። አልወለደም። ስለዚህ መለየት በራሱ ክፉ ነው ማለት አንችልም። ነገር ግን በዚያ ተለይቶ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መቅደሱ አዙሯል። በስታዲየም ሁለቱ ጎራዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው የሚያዩት። ከፍ ባለ ጨዋታ ቀን ደጋፊዎቹን ስታዩ ይህን ታስተውላላችሁ፤ ጎል ሲገባ ብዙው ሰው የሚዞረው ወደ ሜዳው አይደለም፤ ማዶ ያሉት ምን እንደ ሆኑ ለማየት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ሜዳዎች የሆነውን ሁላችን እናስታውሳለን። በኅዳር 2010 በወልዲያ ከተማ በወልዲያና በመቐለ ቡድኖች ጨዋታ ምክንያት ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያ ዘመን በአማራና በትግራይ ክልል ክለቦች መካከል የሚደረጉ አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆኑ ተደረገ። ያኔ የቡድን ስም የሕዝብ ስም ሆኖ ነበር። ማሊያ የለበሰ ሰው «የትኛውን ቡድን ትደግፋለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ከየት እንደ መጣ ነው የሚታየው። ከዚያ በኋላ በአገራችን ላይ የመጣውን ጦርነት ኳስ አመጣው አንልም፤ እንዲህ ማለት ለኳስ ከሚገባው በላይ ኃይል መስጠት ነው። ነገር ግን በሜዳው ላይ የምንሰማው ጩኸት ወደ ጆሯችን ቀድሞ ደርሶ ነበር።

እንደዚህ ባለ ጊዜ «ቀላቅላችሁ አስቀምጧቸው» የሚል ሰው ካለ በሰው ደም የሚፈርድ ነው እንላለን። አንድ ሰው በሺህ መካከል ተቀምጦ ሻርፑን በኮቱ ውስጥ ደብቆ፣ ቡድኑ ጎል ሲያገባ ትንፋሹን ውጦ፣ አፉንም ከፍቶ ዘዬው እንዳይታወቅበት ዝም ብሎ የሚያይ ከሆነ ያ አብሮ መቀመጥ አይደለም። ምርኮ ነው። አብሮ መቀመጥ የሚባለው ጎረቤትህ ሲደሰት መደሰቱን በግልጽ ሊያሳይህ ሲችል ነው። በዚህ ልክ የማይደፈርበት ቦታ ሁሉ፣ ወንበሩ ቢቀላቀልም ሰዉ እንደ ተለየ ነው። ብዙ ጊዜ «እኛ ጋ ሁሉም በሰላም አብሮ ይቀመጣል» ብለው የሚናገሩት ብዙኃኑ ናቸው፤ ሻርፑን የደበቀው ሰው አልተጠየቀም።

ስለዚህ የመለየትን ነገር እንደ ወጌሻ ሥራ ብናየው ይሻላል። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ተጠፍሮ ይታሰራል። ያላሰረ ወጌሻ ወጌሻ አይደለም። በየሳምንቱ ግን እየፈታ ያየዋል፤ ያሸዋል፤ ጣቶቹን አንቀሳቅስ ይላል። አስሮ የረሳው እንደ ሆነ አጥንቱ ቢገጥምም እጁ ይሰልላል። በዓለም ላይ ያሉት አብዛኛዎቹ የስታዲየም አጥሮች ታስረው የተረሱ ናቸው። ለአንድ ዓመት የተደነገገው ለሠላሳ ዓመት ይቆያል። በአጥሩ ውስጥ ያደገ ልጅም አጥሩ ለምን እንደ ቆመ አያውቅም፤ ማዶ ያለው ሰው አደገኛ መሆኑን ብቻ ያውቃል።

እጅን አንቀሳቅስ ማለት በተግባር ምን ይሆናል? በአንድ ቀን ሁሉን ማደባለቅ አይደለም። መዘመር የሚፈልግ ከወገኑ ጋር ይዘምር፤ ከበሮውን አንቀማውም። በሁለቱ መካከል ግን ባዶ ወንበርና ፖሊስ ብቻ ከሚቀመጥ፣ ወዶ የመጣ የሁለቱ ወገን ሰው ይቀመጥ። የለንደኑ ፉልሃም ክለብ ለዓመታት ገለልተኛ የሚባል ክፍል በሜዳው ነበረው፤ የሁለቱም ቡድን ማሊያ በዚያ ይታይ ነበር። ጥፋት ሲገኝ ደግሞ ድንጋዩን የወረወረው እጅ ይያዝ። ካታንጋ በሙሉ፣ ክለብ በሙሉ፣ ከተማ በሙሉ ሲቀጣ ድንጋይ ወርዋሪው ጀግና ይሆናል፤ ከጎኑ ተቀምጦ «ተው» ያለውም ሰው ከእርሱ ጋር ተቆጥሮ ይቀጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ተው አይልም።

ስለ ስም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። እኛ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው የሰማዕቱን ስም በአፉ ይዞ ወዲያው ስድብ የሚያስከትለውን ጩኸት ነው። ክለቡ ስሙን ያገኘው ከሰፈሩና ከደብሩ ነው፤ ክፋት የለበትም። በአንድ አፍ ሁለቱን ማውጣት ግን ቢያንስ ለኛ ሊከብደን ይገባል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካችም ተጫውተዋል። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘግቶ ብዙ ዓመት ቆየ። በዚህ መካከል ካታንጋን በወሬ ብቻ የሚያውቅ የደጋፊ ትውልድ አድጓል። ሻርፕ የደበቀበትም፣ ድንጋይ የወረወረበትም ቦታ የለውም። አሮጌዎቹ ስሞች ለእርሱ ባዶ ወንበሮች ናቸው፤ በየትኛው ማን እንደሚቀመጥ ገና አልተማረም።

በሁሉም ስታዲየም ግን ልማዱ ያልተቋረጠ አንድ ክፍል አለ። የክብር መቀመጫው ነው። በዚያ የሁለቱ ክለቦች ሹማምንት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ይጨባበጣሉ፤ ለስላሳ ይቀርብላቸዋል፤ አንዱ ሲያገባ ሌላው እየመረረው ፈገግ ይላል። በመካከላቸው ሽቦ ያስፈልጋል ያለ ማንም የለም። ስለዚህ ከላይ ያልነው የተቀላቀለ ክፍል አንድ ቀን ቢሠራ የምንለምነው ነገር አለ፤ ትኬቱ እንደ ጥላ ፎቅ ሳይሆን እንደ ካታንጋ ይሁን።